ወንዱን ገዛሁት፣ ሴቷን ተውኳት

ስለ አማትና ምራት ያነሳነው ጉዳይ ገና አልበረደም፤ ደብዳቤውም እየጎረፈ ነው። እሱን ለሚቀጥለው እናቆየውና ዛሬ ከወትሮው ለየት ያለ ጥያቄ ይዤላችሁ ቀርቤአለሁ። ጠያቂው የ26 ዓመት ወጣት ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ ለሥራ ደባርቅ የተመደበ። «ስሜን አደራ» ስላለ አላወጣውም። ደብዳቤው ረዥም ነው፤ ዋና ዋናውን እነሆ፦

«...እጮኛዬ ጎንደር ነው የምትሠራው፤ ነርስ ናት። አብረን አራት ዓመት ሆነን። ልደቷ ሲደርስ ምን ልውሰድላት ብዬ ስጨነቅ ሊማሊሞ መንገድ ዳር እረኞች አረንጓዴ ወፎች ይዘው አገኘሁ። ሁለት ናቸው። አንዱ ግንባሩ እንደ በርበሬ የቀላ፣ ዓይኑን ቀይ ክብ የዞረው፣ ሲያዩት ሥዕል የመሰለ ነው። ሌላዋ ግን አረንጓዴ ብቻ ናት፤ ቀለም የላትም። ልጆቹ ‹ጋሼ፣ ሁለቱንም ውሰዳቸው፣ አይለያዩም› ቢሉኝ ለገንዘባቸው ነው ብዬ ናቅኋቸው። በሦስት መቶ ብር ወንዱን ገዛሁት፣ ሴቷን ተውኳት።

«ዳባት እስክንደርስ ካርቶኑ ውስጥ ሆኖ ያለ ማቋረጥ ይጮህ ነበር። ጎንደር ስንገባ ጸጥ አለ። እጮኛዬ ከፍታ አየችውና ‹ብቻውን ነው?› አለች። ታሪኩን ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። ‹እኔንም እንዲሁ ከሥራዬ አንስተህ ደባርቅ ልታስቀምጠኝ ነው አይደል?› ብላ ካርቶኑን መለሰችልኝ። ይኸው ወፉም እኔ ጋ ነው፣ እሷም ስልክ አታነሳም። ወፉ ላባውን ነፍቶ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ዳቦ በወጥ ብሰጠው አይነካም። የክንፉን ላባ ልጆቹ በመቀስ ቆርጠውታል። በቀቀን ነው ብለውኝ ነበር፤ እስካሁን ግን አንዲት ቃል አልወጣውም። ሄጄ ሴቷን ልግዛት? መናገር የሚጀምረውስ መቼ ነው? እጮኛዬንስ በምን ልካሳት?...»

እንግዲህ ይኸውላችሁ። ወፍ ሳምንት ሙሉ ጋዜጣ አትጠብቅምና ደብዳቤው በደረሰኝ ቀን ወዲያውኑ ደወልኩለት። ወጡንና ዳቦውን አንሳ፣ ዳጉሳና ማሽላ አቅርብ፣ ንጹሕ ውኃ አድርግ፣ ሦስቱን ጎን በጨርቅ ሸፍነህ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ተወው፣ ለሁለት ቀን እጅህን አታስገባ አልኩት። እንዲህ ያለች ትንሽ ወፍ ያለ ምግብ ብዙ ቀን የምትቆይበት ስንቅ የላትም። በሦስተኛው ቀን ደወለልኝ፤ እህል መቅመስ ጀምሯል። አሁን ተረጋግተን መነጋገር እንችላለን።

ከቀላሉ ልጀምር። ወንድሜ፣ ይህች ወፍ አትናገርም! የበቀቀን ዘር መሆኗ እውነት ነው፤ ነገር ግን በፊልም የምናየው፣ ስም የሚጠራውና የሚሳደበው ግራጫው የአፍሪካ በቀቀን ሌላ ነው፤ እሱ ደግሞ ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ደኖች እንጂ ከእኛ አገር አይደለም። እነመተማና ሁመራ ቆላ ውስጥ የሚኖረው ጅራተ ረዥሙ፣ አንገቱ ላይ ቀለበት ያለው አረንጓዴ በቀቀንም ቢለማመድ ቃል ይይዛል። ያንተው ግን የቻለውን ቢያደርግ ያፏጫል፣ ይንጫጫል። እጮኛህን በስሟ እንዲጠራልህ ጠብቀህ ከነበረ ራስህ ብትጠራት ይሻላል።

ፈረንጆች ይህችን ወገን «የፍቅር ወፍ» ይሏታል። ዘጠኝ ዓይነት ናቸው፤ ስምንቱ በአፍሪካ ምድር፣ አንዱ በማዳጋስካር ደሴት። በሳይንስ ስሟ አጋፖርኒስ ታራንታ የምትባለው የእኛዋ፣ በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ ነው በዱር የምትገኘው። ታራንታ ከቀይ ባሕር ወደ ደጋው የሚያወጣው የኤርትራ ተራራ መተላለፊያ ስም ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ወደ አገራችን ተጉዞ ከተመለሰ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1814 ነው በዚህ ስም የተመዘገበችው። ቁመቷ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም፤ ጅራቷ አጭር፣ መንቆሯ ቀይ ነው። ወንዱ ክንፉን ሲዘረጋ ከሥሩ ጥቁር ነው። ከእግሯ ጣቶች ሁለቱ ወደ ፊት፣ ሁለቱ ወደ ኋላ ስለሆኑ እንደ ጦጣ ቅርንጫፍ ላይ ትንጠላጠላለች።

እኔ በደንብ ያየኋት በ2010 ዓ.ም. ወደ ስሜን ተራሮች ስሄድ ደባርቅ ባደርኩበት ነው። ደባርቅን የሚያውቅ ብርዷን ያውቃል፤ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር በላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ጠዋት ጋቢ ደርቤ ወጣ ስል በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከአንድ ያረጀ ጽድ ላይ ጫጫታ ሰማሁ። ቀና ብዬ ባይ ምንም የለም፤ ቅጠል ብቻ። ትንሽ ቆይቶ ከቅጠሉ መሐል አራት አምስት አረንጓዴ ጥይቶች ተወርውረው ሄዱ። እነሱ ነበሩ። የጽዱን ፍሬ ሲለቅሙ ቆይተው ነው። ቆላ ቀመስ ወደሆነው ወደ ሊማሊሞ ሥር ሲወርዱ ደግሞ ሾላ ይበላሉ። ሌሊት ሜዳ ላይ አያድሩም፤ ግንደ ቆርቁር የፈለፈለው ወይም በራሱ የተቦረቦረ አሮጌ ዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ተጠጋግተው ይገባሉ። ብርዱን የሚችሉት እንደዚያ ነው። ለዚህም ነው ያረጀ ዛፍ ከሌለ እነሱም የማይኖሩት። በየዓመቱ ተቆርጦ ለአጣና የሚሸጥ ባሕር ዛፍ ለቀዳዳ የሚሆን ዕድሜ ከየት ያመጣል? ከደባርቅ እስከ ዳባት ባለው የገብስ አገር ትልልቅ የአገር ዛፍ የቀረው በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው፤ ወፎቹም እዚያው ናቸው።

አዲስ አበቤዎች ደግሞ አትቅኑ። እንጦጦ ሥርና አሮጌ ዛፍ ባለበት ግቢ ሁሉ አሉላችሁ፤ ስልካችሁን አስቀምጣችሁ ቀና በሉ እንጂ!

አሁን ወደዚያች «ቀለም የላትም» ወደተባለችው ልምጣ፤ እዚህ ላይ በእጮኛህ ቦታ ብሆን እኔም እቆጣ ነበር። አረንጓዴ ቀለም አይደለም ያለህ ማን ነው? የሌሎች ወፎች ቅላትና ቢጫነት አብዛኛውን ጊዜ ከሚበሉት ነው የሚመጣው። የበቀቀን ዘር ግን ቢጫውንና ቀዩን ራሱ በአካሉ ይሠራዋል፤ የትም ሌላ ወፍ ላይ የለም። አረንጓዴው ደግሞ ከዚያ ቢጫ በታች የላባው አሠራር ብርሃኑን ሰብሮ ሰማያዊ አድርጎ ሲመልሰው፣ ሁለቱ ተደርበው የሚወጣ ነው። ሁለት ሥራ አንድ ላይ ማለት ነው። ያቺ ሴት ደግሞ አረንጓዴ መሆኗ ይጠቅማታል፤ እንቁላል የምትታቀፈው እሷ ናት፤ ከቅጠል ካልተለየች ጭልፊት አያያትም።

ጎጆ የምታዘጋጀውም እሷ ናት። ሣርና ቅጠል ቆራርጣ በገዛ ላባዋ መሐል ሰክታ ወደ ቀዳዳው ትወስዳለች፤ ከራሷ ገላ ላባ ነቅላም ታነጥፋለች። ሦስት አራት እንቁላል ጥላ ከሦስት ሳምንት በላይ ስትታቀፍ ወንዱ ምን ይሠራል? ያበላታል። በልቶ የመጣውን ከጉሮሮው መልሶ በመንቆሩ ያጎርሳታል። አዎ፣ ጉርሻ በእኛ ብቻ አልተጀመረም። ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላ ለመብረር ሰባት ሳምንት ገደማ ይፈጅባቸዋል፤ ያ ሁሉ ጊዜ የሁለት ሰው ሥራ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምርልህ። ወንድ ጫጩት ሲወለድ ቀይ ግንባር የለውም። ለመጀመሪያዎቹ ወራት እንደ እናቱ አረንጓዴ ብቻ ነው። ስለዚህ ያቺ «ሴት» ገና ያልቀላ ጎረምሳ ልትሆን ትችል ነበር። ክንፏን ገልጠህ ሥሩ መጥቆሩን አይተሃል? አላየህም። እኔም በስልክ ስጠይቅህ ዝም ነው ያልከኝ።

ይህን ሁሉ የማውቀው ከመጽሐፍ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1992 ዓ.ም. ጎንደር ሳለሁ ከዳባት የመጣ ዘመድ ጥንድ ወፍ በቅርጫት አምጥቶልኝ ነበር። ያኔ እኔም ልጅ ነኝ፣ ደስታዬን አልችለውም። ስድስት ወር ያህል ጥሩ ነበሩ። ክረምት ገባ፤ ቤቱ ቀዘቀዘ። ይሞቃቸዋል ብዬ ጎጆአቸውን ቡና ከሚፈላበት አጠገብ ሰቀልኩት። አንድ ማታ እንግዳ መጥቶ ቡናው እስከ ሦስተኛው ሲፈላ፣ በርና መስኮቱ በዝናቡ ምክንያት ተዘግቶ፣ ከሰሉ ፍም ሆኖ፣ እጣኑ እየተጨመረ አመሸን። ጠዋት ወንዱ መሬት ላይ ወድቆ አገኘሁት። የወፍ ሳንባ እንደ እኛ አይደለም፤ አየሩ በመላ አካሏ በተዘረጉ ከረጢቶች እየዞረ ነው የሚያልፈው፤ ለእኛ ራስ ምታት የሆነ ጭስ ለእሷ ሞት ነው። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ሽታ የሌለው ጋዝ ሰውንም ይገድላል፤ ትንሿን ወፍ ደግሞ ያስቀድማል።

ሴቷስ? ብዙ ሰው «ባሏ ሲሞት በሐዘን አብራ ትሞታለች» ይላል። ተረት ነው። የእኔዋ አልሞተችም። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖረች። ግን የደረቷን ላባ በመንቆሯ አንድ በአንድ እየነቀለች ሥጋዋ እስኪታይ ድረስ ነበር የኖረችው። መስታወት ሰቀልኩላት፤ ከመስታወቱ ጋር ስትጣላ ትውላለች። ብቻውን የተዘጋ የፍቅር ወፍ ላይ የሚታይ በሽታ መሆኑን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ሞታ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር ብዬ የማስብበት ቀን አለ።

ስለዚህ «ሄጄ ሴቷን ልግዛት?» ስትለኝ ልቤ «ሩጥ» ሊል ነበር። አላልኩም። ምክንያቱም አንተ ሦስት መቶ ብር የከፈልክ ዕለት ለእነዚያ ልጆች ወፍ ብቻ አልገዛህም፤ የሚቀጥለውን ወፍ አዘዝክ። ሴቷን በሌላ ሦስት መቶ ብትገዛ፣ ነገ አሮጌውን ሾላ ወጥተው ቀዳዳውን በመጥረቢያ ሰፋ አድርገው ጫጩቱንም ይዘው ይጠብቁሃል። ቀዳዳው ከፈረሰ በዓመቱም የሚገባበት የለም። ልጆቹን አልወቅስም፤ እንጨት የሚሸጥ ልጅ ወፍ ቢሸጥ ምን ይገርማል? ገዢው ግን አንተና እኔ ነን። በሕግም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው አዋጅ ቁጥር 541 መሠረት የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘትም መነገድም አይቻልም። የአውሮፓ ኅብረትም በዚያው ዓመት ከዱር የተያዘ ወፍ ለንግድ እንዳይገባ በሩን ዘግቷል፤ «ለፈረንጅ ይሸጣል» የሚል ጓደኛ ካለህ ይህን ንገረው።

እሱ ግን ከደወልኩለት በኋላ ሄዶ ጠይቋቸዋል። ልጆቹ ምን ቢሉት ጥሩ ነው? «ማንም አልገዛንም ጋሼ፣ ቀለም የላትም እያሉ። ላባዋንም አልቆረጥነውም ነበር። ለቀናት።» ተመስገን አልኩ። ነፃ ያወጣት ያው የናቅነው ቀለሟ ነው።

የሚቀረው ወንዱ ነው። ዛሬ ብትለቀው ድመትና ቁራ ይበላዋል፤ ክንፉ ተቆርጧልና። በመቀስ የተቆረጠ ላባ እንደ ፀጉር አያድግም፤ ጉቶው ወድቆ አዲሱ እስኪወጣ ወራት ይፈጃል። እንዲፈጥን ብለህ ጉቶውን እንዳትነቅል፤ ያማል፣ ይደማል። መጀመሪያ የምታደርገው ነገር ቢኖር እዚያው ደባርቅ ያለው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ሄደህ ያደረግከውን ሳትደብቅ መንገር ነው። የዱር እንስሳ ጉዳይ የእነሱ ሥራ ነው፤ እንረከብህ ካሉ አስረክብ። ክንፉ እስኪያድግ አንተው ጠብቀው ካሉህ ደግሞ እንዲህ አድርግ።

ጎጆው ከቁመቱ ይልቅ ወርዱ ይስፋ፤ አንድ ሜትር ብታደርገው ጥሩ ነው፤ የሚበርረው ወደ ጎን እንጂ እንደ ሄሊኮፕተር ወደ ላይ አይደለም። በቀቀን ያገኘውን ሁሉ በመንቆሩ ያኝካል፤ አዲስ የዚንክ ቅብ ሽቦ ከሆነ ይመርዘዋል፣ ቀለም የተቀባ ከሆነም እንዲሁ። መቆሚያውን ከወይራ ቅርንጫፍ፣ ቀጭንም ወፍራምም እያደረግህ ሥራለት፤ ልሙጥ ዱላ እግሩን ያቆስለዋል። አንዲት ክብ ቀዳዳ ያላት የእንጨት ሣጥን ከላይ አስቀምጥለት፤ ማታ እዚያ ይገባል። የደባርቅ ብርድ አገሩ ነው፤ የሚጎዳው ነፋስ የሚያፏጭበት ቦታ ነው። ኩሽና ውስጥ፣ ምጣድ አጠገብ፣ ቡና የሚፈላበት ክፍል በፍጹም! ይህን የምለው ለምን እንደሆነ ሰምታችኋል። የማያጣብቅ የሚባለው መጥበሻም ባዶውን ሲግል የሚያወጣው ጭስ በደቂቃዎች ወፍ ይገድላል።

ምግቡ ዳጉሳ፣ ማሽላ፣ ትንሽ ኑግ ይሁን። ሱፍ ይወዳል፤ ቅባት ስለሚበዛበት ግን በቁጥር ስጠው፤ በፍቅር ብዛት ጉበቱን አታሳብጠው። እህል ብቻም አይበቃውም። ሾላ ካገኘህ፣ የጽድ ፍሬ፣ ካሮት፣ ጎመን፣ ፖም ስጠው። የእንቁላል ቅርፊት ቀቅለህ አድቅቅለት። ጨው፣ ቡና፣ ቸኮሌት አይነካም፤ አቮካዶ ደግሞ ለሰው እንደሚስማማ ለበቀቀን መርዝ ነው። «እስቲ ጠላ እናቅምሰው» የሚል ጓደኛም ከመጣ ከበር መልሰው። ከምሽቱ አስራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ጨለማና ጸጥታ ይፈልጋል፤ ቴሌቪዥን እያበራህ አታስመሽው።

ራስህንም ጠብቅ። የበቀቀን ዘር አንዳንዴ በኩሱ በኩል ወደ ሰው የሚያልፍ የሳንባ በሽታ ይይዛል። ኩሱን ደረቅ ሆኖ አትጥረገው፣ አቧራው ነው የሚጎዳው፤ በውኃ አርጥበህ አንሳው፤ እጅህን ታጠብ። መሳም የሚባል ነገር የለም። ትኩሳትና ደረቅ ሳል ከያዘህ ሐኪም ቤት ስትሄድ «ወፍ ይዤ ነበር» በል፤ ያቺ ቃል ካልተነገረች ሐኪሙ ጉንፋን ነው ብሎ ሊመልስህ ይችላል፤ ከታወቀ ግን መድኃኒት አለው።

ደግሞ አታለማምደው። ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ትከሻህ ላይ ሲቀመጥ ደስ ይላል። ግን ሰው የለመደ ወፍ ሲለቀቅ ወደ መጀመሪያው እረኛ እጅ ነው የሚሄደው። አብላው፣ አጽዳለት፣ ከዚያ ዞር በል። ክንፉ ሲሞላ ክፍሉን ዘግተህ ከግድግዳ ግድግዳ በደንብ መብረሩን እይ። ከዚያ ከፓርኩ ሰዎች ጋር ተማክረህ ዝናብ የሌለበት ጠዋት መርጠህ እዚያው የተያዘበት ቦታ፣ ሊማሊሞ ዛፎቹ ሥር፣ የብጤዎቹ ጫጫታ ሲሰማ ልቀቀው። የሚጠባበቁ ልጆች ካሉ ሌላ ቀን ይሁን።

አሁን የእጮኛህ ነገር። ልብ ብለህ ከሆነ ደብዳቤህ ውስጥ «በምን ልካሳት?» ብለሃል፤ «ልትመጣ ትፈልጋለች ወይ?» ብለህ ግን የትም አልጻፍክም። አራት ገጽ ሙሉ ፈለግሁት፤ የለም። ከእኔ ጋር በስልክ ስታወራም «ደባርቅ ቤት አይቻለሁ፣ የሠርጉን ወር ወስኛለሁ» አልክ እንጂ እሷ ሥራዋን ትታ ልትመጣ መስማማቷን አልነገርከኝም። ስትጠየቅ «ሴት ልጅ ባሏን ተከትላ...» ብለህ ጀምረህ ዋጥ አደረግኸው። ልጅቷ ስለ ወፍ አይደለም የተቆጣችው ወንድሜ። ካርቶኑን ስትከፍት ያየችው ነገር ነው ያስደነገጣት።

ሌላ ስጦታ ይዘህ እንዳትሄድ። አበባም፣ ቀለበትም፣ ሽቶም አይሁን። ስልክ ካላነሳች በጓደኛዋ በኩል «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፣ ላስረዳሽ አይደለም» ብለህ ላክባት። ፈቃደኛ ከሆነች ጎንደር ውረድ። ወፉ ምን ላይ እንደደረሰ ንገራት፤ ሴቷ መለቀቋንም ንገራት። ከዚያ ሥራዋን እንደምትወደው፣ ደባርቅ ሆስፒታል ዝውውር ብትጠይቅ ደስ እንደሚላት ወይም አንተ ጎንደር ብትዛወር እንደምትመርጥ ጠይቃትና መልሷን ሳታቋርጥ ስማ። «አልመጣም» ልትልህ ትችላለች። ያንንም ተዘጋጅተህ ሂድ።

ወፉን የምትለቅበት ቀን ሲደርስ ደውልልኝ። እሷም አብራህ ከመጣች ለዚህ ዓምድ አንባቢዎች እጽፈዋለሁ፤ ካልመጣችም እጽፈዋለሁ።